«የጣሊያን ቤት» ሲባል የማን ቤት ማለት ነው?

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የባህል ዓምድ የፒያሳንና የካዛንቺስን አሮጌ ቤቶች በተመለከተ የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለከተማቸው ተቆርቁረው ብዕር ማንሳታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ሆኖም ከፎቶግራፎቹ ግርጌ አራት ጊዜ የተደጋገመው «የጣሊያን ቤት» የሚለው መግለጫ ዝም ብሎ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘሁት ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በፎቶግራፎቹ ላይ ከሚታዩት አራት ቤቶች ቢያንስ ሁለቱ፣ የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ ከብዙ ዓመታት አስቀድሞ የቆሙ ለመሆናቸው የእንጨት በረንዳቸውን ያየ የሙያው ሰው ሁሉ የሚመሰክረው ነውና።

ስህተቱ የጸሐፊው ብቻ አለመሆኑን ለመናገር ከራሴ መጀመር ይኖርብኛል። እኔ ዕድሜዬን በንድፍ ሥራ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ መንደር ውስጥ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለክቼ ንድፉን እንዳነሳ ታዝዤ ነበር። ቤቱ በአዋጅ 47/1967 ከተወረሱት አንዱ ሲሆን በክፍል በክፍል ተሸንሽኖ ሰባት ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። ሜትሬን ጠቅልዬ በማስታወሻዬ ላይ «የጣሊያን ቤት» ብዬ ስጽፍ፣ በረንዳው ላይ ቡና ይለቅሙ የነበሩ አንዲት እናት ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ጣሊያን ሲገባ እኔ እዚችው በረንዳ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ሠርቶት ሄዶ ተመልሶ መጣ ልትለኝ ነው?» አሉኝ። ያሠራው አርመን እንደነበረና እናታቸው ለሚስቱ ልብስ ያጥቡ እንደነበርም ጨመሩልኝ። በማስታወሻዬ ላይ ያለውን በእርሳስ ሰረዝኩት። የተተየበው ሪፖርት ግን እንደነበረ ቀረ፤ ማረም የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ ፈራሁና ተውኩት። ቤቱ ዛሬ የለም፤ በመዝገብ ላይ ግን እስካሁን የጣሊያን ቤት ነው።

ለመሆኑ በመሀል አዲስ አበባ ጣሊያናዊ የሆነው የቱ ነው? ነገሩ በሦስት ዘመን ተከፍሎ ካልታየ አይጠራም።

የመጀመሪያው ዘመን ከዓድዋ ድል እስከ ወረራው ያለው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሸነፈው ጦር በርካታ ጣሊያናውያን ተማርከው ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ወደ አገራቸው እስኪሸኙም ድረስ አንዳንዶቹ በእጅ ሥራቸው አገልግለዋል። ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባለው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ደግሞ ለዳግማዊ ምኒልክ አድሮ የሠራ ሰው ሲሆን፣ ስሙ ከአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሳል። የድሉ መታሰቢያ በተሸናፊው አገር ሰው እጅ መሠራቱ ብቻውን አንድ መጽሐፍ የሚወጣው ነገር ነው። ያንኑ ቤተ ክርስቲያን በወረራው ጊዜ ሌሎች ጣሊያናውያን አቃጥለውታል። አንዱን ጣሊያናዊ ከሌላው ሳይለዩ «ጣሊያን» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን በአራዳ ዙሪያ የተሠሩት አብዛኞቹ የንግድና የመኖሪያ ቤቶች ግን የአርመኖች፣ የሕንዶች፣ የግሪኮችና የአገራችን ባለእጆች ሥራ ናቸው። በከተማዋ ግንባታ ስማቸው የሚጠራው ሙሴ ሚናስ ኸርበኪያን አርመን ናቸው። በፒያሳ የታወቀውን የሞሐመድአሊን ሕንፃ ያሠራው የሕንድ ነጋዴዎች ድርጅት ሲሆን፣ ይህን ድርጅት ከአገር ያስወጣው ራሱ የፋሺስቱ አስተዳደር ነው። ጣይቱ ሆቴልም ከወረራው ከሃያ ዓመታት በላይ ይቀድማል። እነዚህን ቤቶች ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ ቆርቆሮ፣ ፊቱ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ በረንዳ፣ ደረጃው ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል የሚወጣ ነው። በ1928 ዓ.ም. የመጣው ሰው ግን ሲሚንቶና ቀጥ ያለ መስመር ይወድ ነበር፤ የማዕዘን ሕንፃውን ያዞረዋል፣ ጣሪያውን በግንብ ጋርዶ ይደብቀዋል፣ ለእግረኛው በዓምድ የተደገፈ ጥላ ያወጣለታል። አንዴ የለመደ ዓይን ሁለቱን አያምታታም።

ሁለተኛው ዘመን አምስቱ የወረራ ዓመታት ናቸው፤ ሰዎቻችን በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። «ጣሊያን ሌላ አምስት ዓመት ቢቆይ ኖሮ» የሚለውን የማኪያቶ ጠረጴዛ ወግ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ያ ወግ የሚዘነጋው የከተማው ፕላን ለማን እንደተነደፈ ነው። ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን መሠረቱ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ነበር። በጊዮርጊስ ዙሪያ ይውል የነበረው የአራዳ ገበያ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የተወሰደው «ለአገሬው ሰው» ተብሎ በተከለለው በአዲስ ከተማ እንዲሰፍር ሲሆን፣ መርካቶ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ኢንቺስ የተባለው ተቋም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች ስም ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ካዜ» ቤቶች ማለት ነው፣ የቀረው የተቋሙ አጽሕሮተ ስም ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ ለተራው ጣሊያናዊ ሠራተኛ ከታሰቡ ቤቶች የተረፈ ስም ነው። በእነዚያ ሰፈሮች ኢትዮጵያዊ የሚገባው ለሎሌነት ነበር። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ይደነግግ እንደነበር ስናስታውስ፣ የመንገዱ ስፋትና የቤቶቹ አሰላለፍ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገባናል። ከሕጉ ሁለት ወር በፊት በዚያችው ከተማ የካቲት 12 ምን እንደተፈጸመ ለእናንተ አንባቢዎች መተረክ አያስፈልገኝም፤ የስድስት ኪሎው ሐውልት ቆሞ ይናገራል።

ስለዚህ የካዛንቺስ ቤት የጣሊያን ቤት ነው ሲባል እውነት ነው፤ ግን ያ ስም ምስጋና አይደለም፣ መረጃ ነው።

ሦስተኛው ዘመን ከነጻነት በኋላ ያለው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳስበው ስለነበር፣ እንግሊዞች ጣሊያናውያኑን ለመሰብሰብ ቢጥሩም ጥቂት የማይባሉት እዚሁ ቀሩ። መካኒኩ፣ አናጺው፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ዳቦ ጋጋሪው ከሰው ጋር ተጎራብቶ፣ ብዙዎቹም አግብተው ወልደው ኖሩ። እኔ ሙያዬን ከተማርኩባቸው ሰዎች አንዱ ከእነርሱ ዘንድ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ፎርማን ነበር፤ ሲቆጣ በጣሊያንኛ፣ ሲያዝን በኦሮምኛ፣ ደመወዝ ሲጠይቅ በአማርኛ ይናገር ነበር። የዚህ ዘመን ትልቁ ስም ግን አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። በወጣትነቱ ከጣሊያን አስመራ መጥቶ እዚያው ሙያ የያዘው ይህ ሰው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽና በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለውን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነድፏል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተፈረመበት፣ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት የሚያበራበት አዳራሽ በጣሊያናዊ መነደፉ የሚያሳፍር አይደለም። ቅጥር ሠራተኛ ሆኖ፣ ባዘዘው መንግሥት ሥር፣ ባለቤቱ የፈለገውን ሠርቷል። ይህ ከጉዊዲና ከቫሌ ሥራ ጋር በአንድ «የጣሊያን» ስም ሊጠቃለል የሚችለው እንዴት ሆኖ ነው? በሁለቱ መካከል ያለ ሌላ ዓይነትም አለ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በወረራው ጊዜ «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ሕንፃ ነበር፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ተጠናቅቆ የእኛ ቴአትር ሆነ። ጠላት ጀምሮት ባለቤቱ የጨረሰው ቤት የማን ይባል?

ከጣሊያን ጋር ያለብን ጣጣ ከጥንቱም የቃል ጣጣ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ነው ጦርነት የመጣው። ቃላቸውን ግን ደግሞ ያለ ውል ተቀብለናል። የትኛውም የግንባታ ቦታ ሄዳችሁ ለአንድ ቀን ብትውሉ፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ አርማታ፣ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ሞራሌ፣ ካሳፎርማ፣ ፑንቴሎ ሲባል ትሰማላችሁ። ጋራዥ ብትገቡ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ ነው፤ ካቻቢቴ አቀብለኝ የሚለው ልጅ ጣሊያንኛ መናገሩን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ፒያሳ ራሱ አደባባይ ማለት ሆኖ ሳለ «ፒያሳ አደባባይ» የሚል ሰው ሰምቼ አደባባይ አደባባይ አለ ብዬ ስቄያለሁ። አራዳ የሚለው ጥንታዊ ስሟ ግን አልጠፋም፤ ይባስ ብሎ ለብልህ ሰው ማዕረግ ሆነ። ቃሉን ወስደን የእኛ ስናደርገው ማንም አልተጎዳም። የቤቱን ስም አሳስተን ስንሰጥ ግን የሚጎዳ አለ፤ ያሠራው አርመን፣ የከፈለው ሕንድ፣ ጭቃውን ያቦካው ጉራጌና ዶርዜ፣ እንጨቱን የፈለፈለው አናጺ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰረዛሉ።

በጣሊያን በኩል ደግሞ የእኛን ስም ምን እንዳደረጉት ማየት ይጠቅማል። ሮም ውስጥ በስማችን የተጠራ ጎዳና አለ፤ ቪያሌ ኢትዮጵያ ይባላል፣ የሚገኘውም አስመራ፣ ኤርትራና ሊቢያ የሚባሉ መንገዶች ባሉበት «የአፍሪካ ሰፈር» ውስጥ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው፣ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር ሙታን እንዲታወሱበት ነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. መርዝ ጋዝ የወረደበት የአምባ አራዶም ጦርነት ስም ለአንድ መንገድ ተሰጥቷል፤ ከዚያ አልፎ «አምባራዳን» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ጣሊያንኛ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ነገር ማለት ሆኗል። እኛ ካቻቢቴን ስንወስድ እነርሱ የወሰዱት ያንን ነው። የሮም ከተማ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በዚያ ስም ሊጠራ ታስቦ የነበረው የሜትሮ ጣቢያ በጆርጆ ማሪንኮላ፣ ከሶማሊያዊት እናት ተወልዶ ፋሺስቶችን ሲዋጋ በወደቀው አርበኛ ስም እንዲጠራ መወሰኑን ሳነብ፣ እዚያም በስም ጉዳይ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች መኖራቸው ደስ አሰኝቶኛል።

ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል አነስተኛ ከተማ ለግራዚያኒ፣ አዎ፣ ለየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ፣ መታሰቢያ ተመርቋል። ሮም ኤዑር በሚባለው ሰፈር ያለው ባለ ብዙ ቅስት ነጭ ሕንፃ በግንባሩ ላይ ስለ ገጣሚዎችና ስለ ጀግኖች ሕዝብ የሚናገር ጽሑፍ አለው፤ ቃሉ የተወሰደው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር በተነሳበት ዋዜማ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ካደረገው ንግግር ነው። ዛሬ ሕንፃው የታወቀ የፋሽን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከጽሑፉ ሥር ፎቶ የሚነሳው ቱሪስት ስለማን እንደተባለ የሚነግረው የለም። በአንጻሩ በሰሜን ጣሊያን ቦልዛኖ ከተማ የቀድሞው የፋሺስት ፓርቲ ሕንፃ ላይ ሙሶሊኒ በፈረስ ተቀምጦ የሚታይበት ትልቅ የድንጋይ ቅርጽ አለ። አላፈረሱትም፣ አልሸፈኑትምም። እ.ኤ.አ. በ2017 በላዩ ላይ «ማንም የመታዘዝ መብት የለውም» የሚለውን የጀርመን ተወላጅዋን ፈላስፋ የሐና አረንትን ቃል በጣሊያንኛ፣ በጀርመንኛና በላዲን ቋንቋ በብርሃን ጻፉበት። ድንጋዩ እንደነበረ ነው፤ የሚለው ግን ተለውጧል። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

የተወሰዱብንን ስናስመልስም የሠራልን ትክክለኛ ስም ነው። የአክሱም ሐውልት በ1939 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት መሠረት በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ሊመለስ ይገባው የነበረ ሲሆን፣ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ሁሉ ዓመት ሲከራከሩለት የኖሩት ሰዎች በእጃቸው የነበረው ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መቼና በማን እንደተወሰደ የሚል መዝገብ ነበር። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን የተወሰደችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላንም በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ እንዲሁ።

ከዚያ አንድ ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ በተመረቀ ማግስት ማለት ይቻላል፣ የኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን አነሳ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ካዛንቺስ ተሻገረ። መንደሮቹ መታደስ አልነበረባቸውም የሚል አቋም የለኝም። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰባት ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ሲጠቀም ያየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ከካፌ በረንዳ ላይ ሆነው ስለ ውበታቸው የሚያለቅሱትን ብዙም አላምናቸውም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በዚያን ሰሞን በየታክሲው በሁለት ወገን ክርክር ይደረግ ነበር፤ አንዱ «ጣሊያን የሠራልንን አፈረሱት» ሲል፣ ሌላው «የጠላት ቤት ነው፣ ምን ያስለቅሳል» ይላል። ሁለቱም ተከራካሪዎች ከመስኮት የሚያሳዩት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ጣሊያን ያልሠራው ነበር። የተሳሳተ ስም ለሚያወድሰውም ለሚያፈርሰውም እኩል አገለገለ።

አስመራ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ኤርትራውያን ለዓመታት ቤት በቤት እየዞሩ ለክተው፣ ንድፍ አንስተው፣ ዓመቱንና አርክቴክቱን መዝግበው ነበር። አዲስ አበባ አስመራን እንድትሆን አልመኝም፤ ታሪካችንም አይመሳሰልም። ሜትርና እርሳስ ግን ውድ አይደሉም። የሚመለከተው አካል አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት ልኬቱ እንዲወሰድ፣ በሚቀሩት ቤቶች ላይም የተሠራበት ዓመት፣ ያሠራው ሰውና የነበረው አገልግሎት በአማርኛ በትንሽ ሰሌዳ እንዲጻፍ ቢያዝዝ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በካዛንቺስ ከቀሩት ቤቶች በአንዱ ላይ «ይህ ቤት ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠራ ሲሆን ኢትዮጵያውያን እንዲኖሩበት አይፈቀድም ነበር» ተብሎ ቢጻፍ፣ በጣይቱ ሆቴል ላይ ከወረራው በፊት የተሠራ መሆኑ ቢገለጽ፣ የታክሲው ክርክር ቢያንስ በትክክለኛው ቤት ላይ ይሆናል።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ከላይ ለጠቀስኳቸው ሁለት ፎቶግራፎች በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡላቸው፣ በመዝገብ ቤታችሁም የቆዩ የአራዳና የካዛንቺስ ፎቶግራፎች ካሉ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያወጣችሁ የሚያውቅ አንባቢ ቤቱን፣ ባለቤቱንና ዘመኑን እንዲነግራችሁ እንድትጋብዙ ነው። እንደዚያች እናት ያለ ሰው ዛሬም በየመንደሩ፣ አሁን ደግሞ በየኮንዶሚኒየሙ፣ ይኖራል፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። በበኩሌ በሥራ ዘመኔ ካነሳኋቸው ንድፎች ቅጂያቸው በቤቴ የቀረ አሥራ አንድ የአራዳ ቤቶች አሉኝ፤ ዘጠኙ ዛሬ የሉም። «የጣሊያን ቤት» ብዬ ያሳሳትኩት የመጀመሪያው ንድፍም ከመካከላቸው ሲሆን፣ በእርሳስ የሰረዝኩት ቦታ እስካሁን ይነበባል። ለዝግጅት ክፍላችሁ በውሰት ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የንድፍ ባለሙያ፣ ከአራዳ